«መጀመሪያ ሥራ ስጧቸው» ይሉናል

ሰሞኑን ስለ ወጣቶች የአእምሮ ጤና በተጠራ አንድ ውይይት ላይ አንድ ሐሳብ ተነስቶ ነበር። የሕፃናትና ወጣቶችን የአእምሮ ሕመም የሚያጠኑ ተመራማሪዎች የራሳቸው ማኅበር ይኑራቸው የሚል። ከመድረክ የተሰጠው መልስ አጭር ነበር፤ ማኅበር በሽተኛ አያድንም፣ ወጣቱ ሥራ ቢያገኝ ግማሹ ችግር ይጠፋል። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

እስቲ ከሥራው እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የአዲስ አበባ ጥናት ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ፣ ጉልበታቸውን ሸጠው የሚያድሩ ሕፃናትን ከማይሠሩ እኩዮቻቸው ጋር አነጻጽሯል። ከሚሠሩት 20.1 በመቶዎቹ የስሜትና የባህርይ ችግር ታይቶባቸዋል። ከማይሠሩት 12.5 በመቶዎቹ። የሕፃን ጉልበት ብዝበዛና የጎልማሳ ደመወዝ አንድ እንዳልሆኑ ይገባኛል። ግን ሥራን እንደ ኪኒን የሚያዝልን ሰው ቢያንስ ዕድሜ ይጠይቅ። የአእምሮ ሕመም ግማሹ እስከ 14 ዓመት ዕድሜ ድረስ እንደሚጀምር የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ ተናግሯል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የት ልንቀጥረው ነው? ሊስትሮ እናድርገው?

ዋናው ጉዳይ ግን ወዲህ ነው። በዚህ አገር ስንት ሕፃን የአእምሮ ሕመም አለበት? አምቦ አካባቢ ተጠንቶ 17.7 በመቶ ተባለ፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ የቡታጅራው ወጣ። 3.5 በመቶ! አምስት እጥፍ ልዩነት። አምቦ ላይ የተጠቀሙበት ችግር ሊኖርባቸው የሚችሉትን የሚለይ የማጣሪያ መጠይቅ ነው፤ ቡታጅራ ላይ ደግሞ ሕመሙ መኖሩን የሚያረጋግጥ ዘርዘር ያለ የምርመራ ቃለ መጠይቅ። ሁለቱም መሣሪያዎች ከውጭ የመጡ ናቸው። አሁን 60 ተማሪ የታጨቀበትን ክፍል አስቡት። በቡታጅራው ቁጥር ብናሰላ ሁለት ልጆች ናቸው፤ አንድ ነርስ ትደርስላቸዋለች። በአምቦው ቁጥር ግን አሥራ አንድ ያህል ይሆናሉ። ያኔ መምህሩን ራሱን ማሠልጠን ግድ ነው። በጀቱ ሌላ፣ ዕቅዱ ሌላ። ታዲያ በየትኛው እንሂድ? ሚኒስቴር ይፍረድ? ለጋሽ ይፍረድ? ይህን የሚፈታው እርስ በርሱ የሚከራከር፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ያለ ይሉኝታ የሚያብጠለጥል፣ መጠይቁን በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም የሚፈትን የተመራማሪዎች ስብስብ ነው። እኔ ማኅበር የምለው ይህንን ነው። አበል ብቻ የሚያውቁ ማኅበራት እንዳሉን አልክድም። እነሱን ዝጉ እንጂ ይህን አትከልክሉ።

ጥናቱን ፈረንጆቹ ይሠሩልናል የሚልም አይጠፋም። አይሠሩልንም። ከዓለም ሕፃናትና ወጣቶች 90 በመቶ ያህሉ የሚኖሩት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በዚህ ዘርፍ ከሚደረጉት የሕክምና ሙከራዎች ግን ከነዚህ አገሮች የሚወጡት 10 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆኑ እ.ኤ.አ. በ2011 ተጽፏል። የዘርፉ ባለሙያዎች የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤያቸውን ፓሪስ ላይ ያካሄዱት እ.ኤ.አ. በ1937 ነበር። እኛ ገና ያስፈልጋል አያስፈልግም ላይ ነን።

ገንዘብ የለም? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን እዚሁ ማሠልጠን ሲጀምርም ገንዘብ ተርፎት አልነበረም። ለማኅበሩ ምሥረታ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል አያስፈልግም። ጅማ ወይም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አንድ አዳራሽ ይበቃል፤ የመጀመሪያው አጀንዳም የአምቦና የቡታጅራ ቁጥሮች ይሁኑ።