አዲስ ገዛሁ፣ እዩልኝ!

ዛሬ የመጣሁት ላመሰግን ነው። የማመሰግነው አዲስ የወጣቶች ልብወለድ በገዛ ቁጥር ለአንባቢ ወዳጆቹ "የሚያካፍለውን" ደግ ወገን ነው። ታውቁታላችሁ። ካርቶኑን እፊታችን ይከፍታል። አንድ በአንድ ያወጣል። "ኧረ ይሄ ሽፋን ሲያምር!" ይላል። እኛም "ሲያምር!" እንላለን። ተካፈልን። ተበተንን።

ድሮ ያካፈለ ሰው ከእጁ የሆነ ነገር ይጎድልበት ነበር። የዛሬው ግን 14 ልብወለድ ለ400 ሰው አካፍሎ 14ቱም እጁ ላይ ናቸው። እንዲህ ያለ በረከት ከወዴት ይገኛል?

እኔ አላዋቂው አንድ ጊዜ ነገር አበላሽቻለሁ። አንዲት ወዳጄ 7 አዳዲስ መጻሕፍት ደርድራ ታሳየናለች። ሦስተኛው ዓይኔ ገባ። "ስትጨርሺው ታውሺኛለሽ?" አልኳት። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ወዳጄ መጽሐፉን ቀስ አድርጋ ወደ ደረቷ አስጠጋችው፣ ልጇን ልነጥቃት የመጣሁ ይመስል። "ይሄ እኮ የሚነበብ አይደለም፤ ልዩ እትም ነው" አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ምን ላድርግ፣ ልዩ እትም ሲባል በልዩ ሁኔታ የሚነበብ መስሎኝ ነበር።

ሙያው ቀላል እንዳይመስላችሁ። አዲሱ መጽሐፍ ሲታይ ጣት ሽፋኑን መጋረድ የለበትም። የገጾቹ ጠርዝ ቀለም የተቀባ ከሆነ በብርሃን በኩል ይዞራል። ጀርባው እንዳይሰነጠቅ ደግሞ ከጣት ስፋት በላይ አይከፈትም። በዚያች ክፍተት ገብቶ ማንበብ የሚችል እንሽላሊት ብቻ ነው። ከዚያ መደርደር ይመጣል። ቀዩ ከቀይ፣ ሰማያዊው ከሰማያዊ፣ እንደ ቀስተ ደመና። ሦስት ቅጽ ያለው ታሪክ የመጀመሪያው ቀይ፣ ሁለተኛው አረንጓዴ፣ ሦስተኛው ጥቁር ሆኖ ከመጣ ሦስቱ ወንድማማቾች ይበተናሉ። እንኳን ተበተኑ። ታሪኩን ማን ሊከተል ነው?

ደግሞ አታሚ ክፉ ነው። ሁለተኛው ቅጽ ከወጣ በኋላ የሽፋኑን ንድፍ ይቀይራል። ሦስተኛው በአዲስ ልብስ ብቅ ይላል። ሌላው ሰው ቢሆን "እሺ፣ ውስጡ ያው ነው" ብሎ ይተወዋል። የኛ ወገን ግን ከአንድ ጀምሮ እንደገና ይገዛል። አሁን የመጀመሪያው ቅጽ ሁለት ጊዜ አለው። ሁለት ጊዜ አላነበበውም።

የሂስ ጥበቡንም ሳላነሳ አላልፍም። "በጣም ጓጉቼለታለሁ!" አለቀ። በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ስንቱ መጽሐፍ ተተነተነ። ሐያሲ ነኝ የሚለው መጽሐፉን ጨርሶ፣ ማስታወሻ ይዞ፣ መጨረሻው እንዴት እንደላላ ሲጽፍ ሳምንት ይፈጅበታል። በዚያ ሳምንት የኛ ሰው ሌላ ካርቶን ከፍቷል። በሰምና ወርቅ አገላለጽ ሰሙን አይተን አድንቀናል። ወርቁ የትም አይሄድም።

ደግሞስ "ለታዳጊ የተጻፈውን ጎልማሳ ምን አገባው" የሚሉ አሉ። እነዚህን በቁጥር ነው መመለስ። እ.ኤ.አ. በ2012 ቦውከር የተባለው የመጽሐፍ ገበያ አጥኚ ድርጅት አንድ ጥናት አወጣ። አታሚዎች ከ12 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ብለው ከሚያወጧቸው መጻሕፍት ገዢዎች 55 በመቶው 18 ዓመት የሞላቸው ነበሩ። ለልጆቻቸው ገዝተው ይሆናላ? አይደለም። እነዚህ አዋቂዎች በአብዛኛው፣ 78 በመቶ ያህሉን ጊዜ፣ የምንገዛው ለራሳችን ንባብ ነው ብለዋል። ለንባብ! ካሉ እንመናቸው። (በግሌ ጎልማሳ የወጣት ልብወለድ ማንበቡ ምንም አይከፋኝም። ቢያነብ ነው የምለው።)

ቴክኖሎጂም ሊመሰገን ይገባዋል። በድሮ ጊዜ ብዙ መጽሐፍ ገጾቹ ጠርዝ ላይ እንደተያያዙ ነበር የሚሸጠው። አንባቢው በወረቀት መቁረጫ ቢላ እየቀደደ ነው የሚያነበው። አስቡት እስቲ! እንግዳ መጥቶ ከመደርደሪያ አንዱን ሲያነሳ፣ እስከ ገጽ 16 ተቆርጦ ከዚያ ወዲያ እንደተጣበቀ ያገኘዋል። ባለቤቱ የት ይገባል? ዛሬ ገጹ ሁሉ ተቆርጦ ይመጣል። የተነበበውና ያልተነበበው አይለይም። ሥልጣኔ ማለት ይህ ነው።

የሮሙ ፈላስፋ ሴኔካ ይህን ቀን ሳያይ ሞተ። እሱ የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ መጽሐፍ ለማንበብ ሳይሆን ቤት ለማሳመር የሚሰበስቡ ሰዎችን ሲወቅስ ነበር። ያውም በዚያ ዘመን መጽሐፍ በእጅ የሚጻፍ ጥቅልል ነው። ጥቅልል ደግሞ እንደ ዛሬው መጽሐፍ ባለሥዕል ሽፋን የለውም። ሰዎቹ ይህን ታግሰው ነው የደረደሩት። ጃፓኖች በበኩላቸው ነገሩን ወቀሳ ሳያበዙ ስም ብቻ አወጡለት፦ ፁንዶኩ። መጽሐፍ ገዝቶ ሳያነቡ መከመር ማለት ነው። እኛ ቃሉ ባይኖረንም ላሚቱ አለችን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ሒሳቡን አንድ ቀን ሠርቼዋለሁ። በወር 10 የሚገዛና 1 የሚያነብ ሰው በዓመት 108 ያልተነበበ መጽሐፍ ይጠራቀምለታል። በሦስት ዓመት 324። ግን የወጣቶች ልብወለድ ጥሩነቱ ገጸ ባሕሪዋ አታረጅም። 16 ዓመቷ ነው። አንባቢዋ ሥራ ይዛ፣ አግብታ፣ መነጽር አድርጋ ብትመጣም እሷ እዚያው 16 ዓመቷ ላይ ትጠብቃታለች።

ከእነዚህ አንዷ እኔ ዘንድ አለች። እውነቱን ልናገር፣ ከላይ የጠራኋቸው ደጎች መሀል እኔም አለሁበት። ካርቶን ከፍቻለሁ፣ "ሲያምር!" ብያለሁ፣ አስብያለሁ። ያቺን ልብወለድ የገዛሁት የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ፎቶ ሳነሳት በስህተት የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ። ልጅቷ ከውጭ የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ናት። ጭስ በበሩ ሥር እየገባ ነው። በሩን በሁለት እጇ ትደበድባለች። እዚያ ላይ ዘጋኋት፤ ብርሃኑ ሊሄድብኝ ነበር።

አንዳንድ ማታ መብራት ሳጠፋ ድብደባው የሚሰማኝ ይመስለኛል። ባወጣት ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሽፋኗ ሰማያዊ ነው፤ እሷ ከወጣች አረንጓዴውና ሐምራዊው ሊገጥሙ ነው።