አርፋጆች በዚህ በኩል

ጅማ ውስጥ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ ትልቁ ባለሥልጣን ከንቲባው አይደሉም፤ የትምህርት ቤት ዘበኛ ናቸው። በሩ አንዴ ከተዘጋ የሐኪም ልጅ፣ የባጃጅ ሹፌር ልጅ፣ የቡና ነጋዴ ልጅ እኩል ነው። ሁሉም አፍንጫውን በፍርግርጉ አስገብቶ «ጋሼ፣ በእናትዎ!» ይላል። የጋሼ እናት ካረፉ ቆይተዋል። ግን ዛሬም በየማለዳው ይለመንባቸዋል።

ትምህርት ቤቱን በስሙ አልጠራውም። የእኔም ልጅ እዚያው ነው የሚማረው፤ ነገ ውጭ እንዲቀርብኝ አልፈልግም። ከበሩ ፊት ለፊት ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። ባለሦስት እግሯ የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አንድ ሲኒ የጠጣ ሰው የማይሰማው ሰበብ የለም።

«ዝናብ ይዞኝ ነው» የሚለው ሰበብ ሌላ አገር ወቅት አለው። ጅማ ላይ ከሞላ ጎደል ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። መምህሩ ራሱ ጃንጥላውን እያራገፈ ስለሚገባ ተማሪውን ለመውቀስ አፍ የለውም። «ባጃጁ ሰው እስኪሞላ አቆመን» የሚሉም አሉ። ይኼንን የሚለው ልጅ አንዳንዴ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ ሁለት አጥር ነው። አንድ ቀን ደግሞ አንዱ «አዌቱ ሞልቶ መሻገር አቃተኝ» አለ። ዘበኛው ቤቱን ያውቁታል። ከወንዙ በዚህ በኩል ነው።

«ታዲያ መጀመሪያ ለምን ተሻገርክ?» አሉት።

«ዩኒፎርሜ አልደረቀም» የሚለው ግን እውነት ነው። አንድ ዩኒፎርም ብቻ ያለው ልጅ እሁድ ያጠበው ልብስ ሰኞም ውኃ ያንጠባጥባል። እናት በከሰል ካውያ ትተኩሰውና ልጁ እንፋሎቱ ሳይወጣለት ይገባበታል። ይኼን ልጅ አምስት ደቂቃ አረፈድክ ብሎ ማንበርከክ እኔ አይታየኝም። ይንበረከካል ግን።

ደግሞ የሚገርመው ከሩቅ የሚመጣው ነው ቀድሞ የሚደርሰው። ከጅሬን በኩል በእግሯ የምትወርድ አንዲት ልጅ አለች። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ በሩ ሳይከፈት ደርሳ ግንቡ ሥር ቆማ ታጠናለች። ከአጥሩ ጀርባ የሚኖረው ልጅ ደግሞ ደውሉን የሚሰማው ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ነው። ለእሱ የሰልፉ ደውል የመቀስቀሻ ሰዓቱ ነው። ባንዲራው ሲሰቀል ሻይ ይጠጣል።

ያረፈደ ተማሪ መጀመሪያ ይንበረከካል። ቀጥሎ ወረቀት ይለቅማል፣ አበባ ያጠጣል። ግቢው ንጹሕ ከሆነ ምስጋናው የአርፋጆች ነው። አንድ ጠዋት ሁሉም በሰዓቱ ቢመጣ ግቢውን ማን እንደሚጠርገው ያሰበበት የለም። አርፋጆች ሲበዙ ደግሞ ርእሰ መምህሩ ይቆጡና «ከሁለት ሰዓት በኋላ ማንም እንዳይገባ!» ይላሉ። እንግዲህ አምስት ደቂቃ ያረፈደው ልጅ ቀኑን ሙሉ እንዲቀር ተፈረደበት ማለት ነው። ትምህርት ስላመለጠው ቅጣቱ ትምህርት እንዲያመልጠው ነው። ይኼን ሒሳብ የሠሩት የሒሳብ መምህሩ እንዳልሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

የተመለሰው ልጅ ቤቱ አይሄድም። ቤት ቢሄድ «ምን ሆነህ መጣህ?» አለ። ስለዚህ ጆተኒ ቤት ይሄዳል። በከተማችን በሰዓቱ የሚከፍት አንድ ቤት ቢኖር ጆተኒ ቤት ነው። ዝናብ ቢዘንብ ይከፍታል፣ መብራት ቢጠፋ ይከፍታል። ባለቤቱ አርፍዶ አያውቅም። ተማሪውም እዚያ አያረፍድም። ትንሽ ቆይተው ፕሌስቴሽን ቤቱና ፑል ቤቱ ይከተላሉ። አራት ሰዓት ላይ እዚያ ገብታችሁ ስም ብትጠሩ ከክፍሉ ይልቅ ብዙ «አቤት» ትሰማላችሁ።

ነገሩ ሲደጋገም «ወላጅ ይዘህ ና» ይባላል። እዚህ ላይ ነው ከተማችን በራሷ ጥረት የፈጠረችው የሥራ ዘርፍ የሚጀምረው። አጎት ይከራያል። እናትን መውሰድ ቤት ውስጥ ጦርነት መክፈት ነው። አባትን መውሰድ ጭራሽ አይታሰብም። አጎት ግን መናኸሪያ አካባቢ ሞልቷል። ሥራ የፈታ ደላላ አለ፣ ተራ የሚጠብቅ ወያላ አለ። ጋቢ ያለው ከሆነ ዋጋው ይጨምራል። ጋቢ የለበሰ አጎት የሚፈለገው ለከባድ ጥፋት ነው፤ መስኮት ለሰበረ፣ ለተደባደበ። ለማርፈድ ኮት የለበሰ ይበቃል።

በቅርቡ አንዱ አጎት ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁ የቀጠረው ለሁለት ሰዓት ነበር። አጎት ሦስት ተኩል ላይ ደረሰ። ዘበኛው «ያረፈደ አይገባም» አሉት። አጎት ፍርግርጉን ይዞ «ጋሼ፣ በእናትዎ፣ ስለማርፈድ ሊያናግሩኝ ጠርተውኝ ነው» ብሎ ለመነ። በስንት ልመና ገባ። የውስጡን ደግሞ ቡና የምታፈላው ልጅ ከዘበኛው ሰምታ ነገረችኝ። ዩኒት ሊደሩ ከላይ እስከ ታች አዩትና ጠየቁት።

«እርስዎ ባለፈው ሳምንት የስምንተኛ ሀ ልጅ አጎት አልነበሩም?»

«ነበርኩ።»

«ከዚያ በፊትስ? የዚያች የሰባተኛ ክፍሏ?»

«የእናቷ ወንድም ነኝ» አለ አጎት፣ ኮቱን እያስተካከለ። «ቤተሰባችን ሰፊ ነው፣ ጌታዬ። ችግሩ ዘሩ በሙሉ አርፋጅ ሆነብን።»

ከዚያ ነገሩን የምር ለማስመሰል ዞር አለና ልጁን በኩርኩም አቀመሰው። ልጁ አናቱን እያሻሸ ጮኸ። «ኩርኩም እኮ አልተስማማንም!»

ሁሉም ነገር እዚያች ላይ ፈረሰ። ኩርኩሟ ከሂሳቡ ላይ ተቀንሳለች አሉ።

ስም መጥራትም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። አንድ ልጅ በወፍራም ድምፅ ለራሱ፣ በቀጭን ድምፅ ለጓደኛው፣ አፉን በደብተር ሸፍኖ ደግሞ ለሦስተኛው «አቤት» ይላል። የክፍል አለቃው በሳንቡሳ ተይዟል። አምና ወደ አጋሮ የተዛወረ ልጅ እዚህ እስከ ጥር ድረስ «አቤት» ሲል ቆይቷል። አጋሮም «አቤት» ይል ከነበረ ጎበዝ ተማሪ ነው።

መምህራንንም አልፌ አልሄድም። ጠዋት መጥተው ፈርመው የሚጠፉ አሉ። ፊርማቸው በሰዓቱ ይገኛል፤ እሳቸው የሉም። ልጆቹም ያውቃሉ። ሰኞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ባዶ እንደሆነ ካወቁ ለምን ይቀመጣሉ? መምህሩ ገብቶም አርባ ደቂቃ ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳ ላይ ማስታወሻ ከገለበጠ፣ ፎርፎ የወጣው ልጅ ማታ ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣታል። ያመለጠው ነገር ቢኖር የመምህሩ ጀርባ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ክፍሉ ይሳሳል። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከንጉሥ አባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ስሙ የተጠራ ነው። ትምህርት ቤት የመጣው ከእሱ በኋላ ነው። እናት ሽንኩርቷን ዘርግታ ሸክም የሚያግዛት ስትፈልግ ከልጇ ሌላ ማን አላት?

በዙሪያችን ባሉት ወረዳዎች፣ በማና፣ በጎማ፣ በሊሙ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለውን ወቅት ቡናው ነው የሚያዘው። ቡና እኩል አይቀላም። ዛሬ የቀላውን ትለቅማለህ፣ ከሳምንት በኋላ ተመልሰህ የቀጠለውን ትለቅማለህ። ካልደረስክበት ይረግፋል፣ ከረገፈ ዋጋው ይወርዳል። የትምህርት ሚኒስቴርን የቀን መቁጠሪያ አንብቦ የሚቀላ ቡና እስካሁን አልተዘራም። ስለዚህ ልጁ ሳምንታት ይጠፋል። ሲመለስ ጣቶቹ ጠቁረው፣ እግሩ ላይ አዲስ ጫማ አለ። ደብተሩንም፣ እስክሪብቶውንም፣ የታናሽ እህቱን ቦርሳም በዚያ ብር ነው የገዛው። ዩኒት ሊደሩ «የት ነበርክ?» ሲሉት ምን ይበል? «ትምህርቴን ስገዛ ነበር» ቢል ድፍረት ይሆንበታል።

ሴት ልጆች በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን የሚቀሩበትንም ምክንያት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማንም ግን አያወራውም። የሽንት ቤቱ በር የሚዘጋ፣ ቧንቧው ውኃ ያለው ቢሆን ብዙዎቹ ባልቀሩ። ቁልፍ የተገኘው ግን ለትልቁ በር ብቻ ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲመጣ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀምሯል። ዓመቱን ሙሉ ያረፈደው ልጅ ሻንጣውን ይዞ ቀድሞ ገብቶ ያድራል። ወላጅ በዋዜማው ይጸልያል። ከእነዚያ ከ2014ዎቹ ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱ የማርፈድ ነው አልልም፤ ጥፋቱን ተካፋይ ብዙ ነው። ግን ብዙዎቹ በሰዓቱ ገብተው፣ በሰዓቱ ተቀምጠው፣ በሰዓቱ ወደቁ።

ደግሞ እኛ ጅማዎች ሰዓት ማክበር አንችልም ማለት ስም ማጥፋት ነው። የአዲስ አበባ አውቶቡስ ንጋት ላይ ይነሳል ከተባለ መናኸሪያው በር በአሥራ አንድ ሰዓት ይሞላል። ከምሳ በኋላ የሚቀመጠው የጫት በርጫማ ስምንት ሰዓት ከተባለ ስምንት ሰዓት ነው። ለበርጫ ያረፈደ ሰው እኔ አላየሁም። ንጉሥ አባ ጅፋርም ቢሆኑ ከምኒልክ ጋር ሳይዋጉ ገብረው፣ ግብራቸውን በየዓመቱ እየከፈሉ ነው ጅማን በራሷ ንጉሥ ያቆዩዋት። አርፍደው ቢሆን ኖሮ በእናታቸው የሚለምኑት ማንን ነበር?

እንግዲህ ጉዳዩ ስለከበደ ወመህ፣ ማለትም የወላጅ መምህር ኅብረቱ፣ የወላጆች ስብሰባ ጠራ። ርእሱ «የተማሪዎች ማርፈድና መቅረት» የሚል ነው። ደብዳቤው ሁለት ተኩል ይላል። እኛ ጋ የቀጠሮ ሰዓት እንደ ገበያ ዋጋ ነው። ሻጩ እንደሚቀነስበት አውቆ ጨምሮ ይጠራል፣ ገዢው እንደተጨመረበት አውቆ ይከራከራል። ትምህርት ቤቱ ሦስት ተኩል ፈልጎ ሁለት ተኩል አለ። ወላጁ ሁለት ተኩል ሲባል አራት ሰዓት ሰማ። አንድ ከደቡብ አዲስ የመጡ አባት ብቻ ቃሉን አምነው ሁለት ተኩል ላይ ተገኙ። ዘበኛው «ለምንድን ነው የመጡት?» ብለው መታወቂያ ጠየቋቸው።

ሐሳብ በሐሳብ ሆነ። አንዱ «ዱላ ይመለስ» አለ። ሌላዋ እናት «መጀመሪያ ቁርስ ይሰጣቸው» አሉ። እኔ ከሁሉም ይኼኛውን ነው የወደድኩት። ምገባ ባለበት ትምህርት ቤት ልጅ ራሱ እናቱን ይቀሰቅሳል። ሰብሳቢው ግን «በጀት» ብለው አለፉት። በጀት የማይጠይቀው ቁልፍ ነው፤ እሱ ጸደቀ። ከሰኞ ጀምሮ በሩ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ለማንም አይከፈትም።

ከኋላ ቆመው የነበሩት ዘበኛ እጃቸውን አወጡ።

«ለመምህራንስ?»

አዳራሹ ዝም አለ። ርእሰ መምህሩ ሳቅ አሉና «ሕግ ሕግ ነው» አሉ። ቃለ ጉባኤ ላይ ተጻፈ።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ከበሩ ውጭ የተለመዱት ልጆች ቆመዋል። መሀላቸው አንድ መምህር አሉ፤ ጠመኔያቸውን በኪሳቸው፣ የስም መጥሪያውን በብብታቸው ይዘዋል።

«ጋሼ፣ እኔን አላወቁኝም እንዴ?»

«አውቄዎታለሁ፣ መምህር። አርፋጆቹን ሁሉ በስም አውቃቸዋለሁ።»

መምህሩ ግራ ቀኝ አዩ። ሰዓታቸውን አዩ። ከልጆቹ አንዱ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ አናገራቸው።

«ቲቸር፣ አይጨነቁ። አንድ አጎት አውቃለሁ፣ ኮት አለው። ለእርስዎ በመቶ ብር አናግርልዎታለሁ፤ ኩርኩም ሳይጨምር።»