ዶሮ ማነቂያና ዩ ስትሪት

ዋሽንግተን ዲሲ መኖር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ዘንድሮ አዲስ አበባ ስገባ ሻንጣዬን አስቀምጬ በቀጥታ የሄድኩት ፒያሳ፣ ያደግኩበት ዶሮ ማነቂያ ነው። እግሬ መንገዱን ያውቀዋል፤ ዓይኔ ግን የሚያርፍበት አጣ። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማቱ ፈርሷል። ወሬውን ሰምቻለሁ፣ ቪዲዮውንም አይቻለሁ። ቦታው ላይ ቆሞ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው።

ፒያሳ ስሙ የጣሊያን ይሁን እንጂ ሰፈሩ ጣሊያንን ይቀድማል። ያኔ አራዳ ነበር። በምኒልክ ዘመን ትልቁ ገበያ ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ነጋዴ፣ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱ፣ የመኑ እዚያ ተገናኘ። ጣይቱ ሆቴል በ1898 ዓ.ም. የተሠራው እዚያው ነው። ጣሊያን ሲገባ ሰፈሩን ለራሱ ሰዎች ፈለገውና ያገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ አዛወረው። ገበያው ቢሄድም ስሙ ሰው ላይ ቀረ። ዛሬም ነቃ ያለን፣ ከሁሉም ጋር መግባባት የሚያውቅን ሰው «አራዳ» እንለዋለን። የሰፈር ስም የጠባይ ስም ሲሆን ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩንም ልናገር። ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገው ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ የቀበሌ ቤት ኪራዩ ጥቂት ብር ነበር፤ የሚያድሰው ግን አልነበረም። ጣሪያችን ያፈሳል። ግቢው ሙሉ የሚጠቀመው በአንድ ቧንቧና በአንድ ሽንት ቤት ነው። ያ ኑሮ እንዳለ ይቀጥል የሚል ሰው እዚያ አልኖረም። ግን እናቴ ስትታመም ጎረቤት በሩን ሳያንኳኳ ይገባ ነበር። ይህን ዲሲ ውስጥ አላገኘሁትም።

የዲሲው ዩ ስትሪትም የራሱ ታሪክ አለው። የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ነበር። የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገው በዚያ አካባቢ ነው። ሊንከን ቲያትር እ.ኤ.አ. በ1922 የተከፈተው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል በተነሣው ረብሻ ሰፈሩ ተቃጠለ፣ ለብዙ ዓመትም ወና ሆኖ ቆየ። የእኛ ሰዎች ቀድሞ አዳምስ ሞርጋን የሚባለው የዲሲ ሰፈር ነበሩ። እዚያ ኪራይ ሲወደድ ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው መንገድ መጥተው ምግብ ቤት ከፈቱ። በኋላ እዚያም ኪራዩ ሰማይ ነካ። አሁን ብዙዎቻችን ከዲሲ ወጥተን ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ነን። ማንም በዶዘር አላፈረሰብንም። ኪራይ ነው ቀስ እያለ ያስወጣን።

እ.ኤ.አ. በ2005 የ9ኛው መንገድ አካባቢ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ከነባር ጥቁር ነዋሪዎች ተቃውሞ መጣ። የእኛ ታሪክ ይሸፈናል አሉ። ያኔ ከፍቶኝ ነበር። ሰፈሩ ወና በነበረበት ጊዜ መብራት ያበራነው እኛ አይደለንም ወይ? ብዬ ተከራክሬያለሁ። ዘንድሮ ዶሮ ማነቂያ ላይ ቆሜ ግን ገቡኝ። ሰዎቹ ቤታቸውን አጥተዋል። የቀራቸው ስም ብቻ ነበር።

ዛሬ ዩ ስትሪት የእግረኛ መንገድ ላይ ፎቶ ያለባቸው የታሪክ ሰሌዳዎች ቆመዋል። ማን እዚያ እንደኖረ፣ ምን እንደተሠራ ያስነብባሉ። በአዲሱ የፒያሳ መንገድ ላይም እንዲህ ያለ ሰሌዳ ባይ ደስ ይለኛል። ዶሮ ማነቂያ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ እሪ በከንቱ ተብሎ ይጻፍ። ከሁሉም በላይ ግን ሰው ሲነሣ እድሩ ባይበተን ብዬ እመኛለሁ። ቤት በካሬ ይለካል። አርባ ዓመት አብሮ የቀበረና የዳረ ጎረቤት በምን ይተካል?

እናቴ አሁን የምትኖረው ከተማው ዳር ነው። ቤቷ ንጹሕ ነው፤ ሽንት ቤቱም የራሷ ነው። ለዚህ አመስጋኝ ናት። ወር በገባ በ23 ግን ሁለት ታክሲ ይዛ ጊዮርጊስ ትመጣለች። አብሬያት ሄድኩ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ከዛፉ ሥር የዶሮ ማነቂያ ሴቶች ተሰብስበው ቆመዋል። አንዷ ስልኳን አውጥታ የእናቴን አዲስ ቁጥር ትመዘግባለች። ሌላዋ እኔን አገላብጣ ሳመችኝና «እናንተን የት ጣሏችሁ?» አለችኝ።