የጠዋቱን ጸሎት ማን ዝጉ አላችሁ?

እዚሁ ጅማ ያለች አንዲት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ምዕመኑ ከሥራ በፊት የሚገናኝበትን የጠዋት የንባብና የጸሎት ፕሮግራም ዘግታለች። በምትኩ ዓርብ ማታ ትልቅ የአምልኮ ምሽት ይኖራል ተብሏል። ውሳኔው አናዶኛል። ይበልጥ ያናደደኝ ግን አንድ አገልጋይ ከመድረክ የሰጠው ምክንያት ነው። በየቀኑ ማንበብና መጸለይ ልማድ ሲሆን ባዶ ሃይማኖተኝነት ነው፤ መንፈስ ሲያነሳሳችሁ ብቻ አንብቡ አለ። ንግግሩ በቴሌግራም ሲዞር ስንቱ ወጣት አሜን አለበት።

ምኑ ነው አሜን የሚያሰኘው?

እናት ልጇን በየጠዋቱ ቁርስ አብልታ ትምህርት ቤት የምትልከው ስሜት ሲመጣላት ነው? በየቀኑ ስላደረገችው ፍቅሯ ውሸት ሆነ? ጌታ ኢየሱስ በሰንበት ወደ ምኩራብ የገባው እንደ ልማዱ መሆኑን ሉቃስ ጽፎልናል። ሊይዙት በመጡበት ሌሊት ወደ ደብረ ዘይት የወጣውም እንደ ልማዱ ነው። ጌታ ያልናቀውን እኛ ምን ቆርጦን ነው የምንንቀው?

ዳንኤልን ተመልከቱ። ለ30 ቀን ከንጉሡ ሌላ ማንንም የለመነ ሰው አንበሳ ጉድጓድ ይጣል የሚል አዋጅ ወጣ። ዳንኤል ይህንን እያወቀ ቤቱ ገባና ተንበረከከ። በቀን 3 ጊዜ፣ ቀድሞ ያደርገው እንደነበረ። ቀድሞ ባያደርገውስ ኖሮ? በዚያ ቀን የሚነሳሳው ስሜት ፍርሃት ነዋ! ስሜት የሚጠብቅ ሰው ቢሆን መስኮቱን ዘግቶ ይተኛ ነበር። ጠላቶቹ እንኳ ወጥመዱን በጸሎቱ ላይ ያጠመዱት ዳንኤል እንደማያቋርጥ እርግጠኛ ስለነበሩ ነው። እኛን ለማጥመድ ማን ይህን መንገድ ይመርጣል? በእኛም አገር በደርግ ዘመን ስንት ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ። ወላጆቻችን መድረክና ሳውንድ ሲስተም ይዘው አይደለም ያለፉት። በየቤቱ ተደብቀው፣ ቀድሞ ያነበቡትን ቃል ይዘው ነው። ዓርብ ማታ ብቻ የሚያመልክ ትውልድ ነገ አዳራሹ ቢዘጋበት ምን ይዞ ይቀራል?

አፉ እያነበበ ልቡ ገበያ የሚውል ሰው መኖሩን አልክድም። መድኃኒቱ ግን ልብን መመለስ እንጂ መጽሐፉን መዝጋት አይደለም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የቤርያ ሰዎች ጳውሎስ የነገራቸውን እንኳ ነገሩ እንዲህ ይሆንን ብለው በየዕለቱ መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር። የእኛ ሰው የማንን ስብከት ነው የሚመረምረው? የማያነብ ምዕመን ነቢይ ነኝ ባይ ሁሉ የሸጠለትን ይገዛል። አንዳንድ አገልጋዮች የማያነብ ሕዝብ የሚመቻቸው ለዚሁ ነው።

ጅማ ላይ አዛን ሳይሰማ የሚነጋ ቀን የለም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በዚያ ዝናብ ሱብሂ ለመስገድ ይወጣሉ። ኦርቶዶክስ እናቶች ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ ውዳሴ ማርያምን በየዕለቱ ከፋፍለው ያደርሳሉ። ታዲያ ለእኛ ሲሆን እንዴት ሸክም ሆነ?

ጊዜ የለም የሚለውን ተዉት። የማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፍ ነው። አንዱን ለማንበብ ባጃጅ ይዞ መርካቶ እስኪደርሱ ያለው ጊዜ ይበቃል። 66ቱ መጻሕፍት ተደምረው 1,189 ምዕራፍ ናቸው፤ በቀን 4 ያነበበ ዓመት ሳይሞላ ይጨርሳቸዋል። አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ገኖ በልጅነታቸው ባርነትን የቀመሱ ሰዎች ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. በአፋን ኦሮሞ ታትሞ እንዲወጣ ያን ሁሉ የደከሙት መደርደሪያ ላይ አቧራ እንዲጠጣ አይደለም።

ሽማግሌዎቹ ውሳኔያቸውን ይሻሩ። የዓርቡ ምሽት ይቀጥል፣ ማንም አልተቃወመም። ጠዋት የሚያገለግል ሰው አጣን የሚሉ ከሆነ ደግሞ የአዳራሹን ቁልፍ ለእነዚያ በየጠዋቱ ለሚመጡት እናቶች ይስጧቸው። ከፍተው ያነባሉ፣ ይጸልያሉ፣ ጠርገው ቆልፈው ይሄዳሉ።