«ቀይረው» እና «ዝጋልኝ»

ባለፈው ክረምት አንድ አልበም ስልኬ ላይ ይዤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሰው ሰው ስዞር ከረምኩ። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ነው። እማሆይን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በፒያኖ ነው፤ ቃል የለም፣ ጣታቸው ብቻ ነው የሚያወራው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ይሄኛው ግን ይለያል። ራሳቸው ያንጎራጉራሉ፣ በአማርኛ።

የቀዱት እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት ነው። አዲስ አበባ፣ ቤተሰባቸው ቤት፣ ፒያኖው ጋ ተቀምጠው በካሴት ቴፕ። ዘመኑ የደርግ ነው። ስለ አገር፣ ስለ መለየት፣ ስለ ሞት ያንጎራጉራሉ። ኋላ እሳቸውም አገር ለቀው ኢየሩሳሌም ገቡ። እዚያው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው አረፉ። አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተርታ የሰማው ሰው የአንዲት ሴት ሐዘን ታሪክ ሰምቶ ይነሳል። እየዘለለ የሰማው ግን ምንም አልሰማም ባይ ነኝ።

መጀመሪያ የከፈትኩት ጓደኛዬ ካፌ ውስጥ ነው። ሁለተኛው እንጉርጉሮ ሳያልቅ ጥግ ላይ የተቀመጠ ልጅ፣ «ቀይረው ባክህ፣ ሙድ ይሰብራል» አለ። ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም። ጓደኛዬም ቀየረው። ልጁን አልቀየምኩትም፤ ማኪያቶ ሊጠጣ የመጣ ሰው ልቅሶ ቤት አልገባም። ግን ይቺ «ቀይረው» የምትባል ቃል ታሳስበኛለች። ታክሲ ውስጥ ትሰማለች። ሰርግ ላይ ትሰማለች። ቤታችን ውስጥ ሬዲዮ ሲከፈት ትሰማለች። ያዘነ ዜማ ከመጣ ወይ ይቀየራል፣ ወይ ከሥሩ ምት ይገባለትና ይጨፈርበታል። እናቱ የሞተችበት ሰው ግጥም ላይ እስክስታ ስንወርድ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ሰው ሙዚቃ የሚያስተምር ወዳጄ ነው። እሱ በጥሞና ሰማ። ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ድምፃቸው ይሳሳል፣ ቀረጻውም ንጹሕ አይደለም፤ ስቱዲዮ ገብተው ቢሆን ኖሮ» አለኝ። ልክ ነው፣ ንጹሕ አይደለም። ከመስኮት ውጭ ወፎች ይንጫጫሉ። የፒያኖው ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። የቴፑን ቁልፍ ሲጫኑት ድም ይላል። እኔ ግን አልበሙን የወደድኩት በዚያ «ድም» የተነሳ ነው። ብቻቸውን እንደነበሩ የነገረኝ እሱ ነው። ቁልፉን የሚጫንላቸው ሰው እንኳ አልነበረም። ደግሞስ ልቅሶ ቤት ሄዶ «አልቃሿ ድምፅዋ ተሰነጠቀ» ያለ ሰው ማን አይቷል?

ሦስተኛዋ አክስቴ ናት።

እትዬ የመንዝ ሰው ናት። ደብረ ብርሃን ከገባች ሃያ ዓመት አልፏታል፣ እንዝርቷን ግን አልጣለችም። ማታ ማታ ከሰሉ ጋ ቁጭ ብላ የበግ ጠጉር ትፈትላለች። ስፒከሩን መደቡ ላይ አድርጌ ከፈትኩላት። መጀመሪያ ግራ ገባት። «መነኩሲት ትዘፍናለች እንዴ?» አለችኝ። «ዘፈን አይደለም እትዬ፣ እንጉርጉሮ ነው» አልኳት። ዝም ብላ መፍተሏን ቀጠለች። ትንሽ ቆይታ፣ «እህ» አለች። ደግማ፣ «እህ»። ለስፒከሩ ነው የምትመልሰው። እንዝርቱ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ቆመ።

«ማን ሞቶባቸው ነው?»

«ሰው ብቻ አይደለም እትዬ። አገራቸውም ነው።»

«አገር ይለቀስለታል እንዴ?» አለች። መልስ ልሰጣት ስል እጇን አነሳችብኝ፤ ዝም በል ማለቷ ነው። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። እስኪያልቅ ሌላ ቃል አልተነፈሰችም። ሲያልቅ፣ «እግዚአብሔር ያጥናቸው» አለች። ማረፋቸውን ነገርኳት። «እንግዲያውስ ነፍስ ይማር» ብላ እንዝርቷን አነሳች።

እኔ ስንት ወር አዳምጬው ያላገኘሁትን እትዬ በአንድ ማታ አገኘችው። የምትሰማው እንደ ሙዚቃ አይደለም። ልቅሶ ደረሰች እንጂ። በእኛ አገር ደግሞ ልቅሶ የደረሰ ሰው ሥራ አለው። አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ ተቀባይ አላት። አንድ ስንኝ ትላለች፣ ሰዉ ደረቱን እየደቃ፣ «ወይኔ» እያለ ይመልስላታል፤ መላሽ ካጣች ሙሾው ይሞታል። አዝማሪም ቢሆን ብቻውን አይዘፍንም። አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱ ያንኑ በማሲንቆው መልሶ ይዘፍነዋል። ከግጥሙ ግማሹ የአድማጩ ነው።

ስልክ ይህንን ሥራ ወሰደብን። እማሆይ «እህ» ስንላቸው አይሰሙንም። ስለዚህ አድማጭ መሆናችን ቀርቶ ዳኛ ሆንን። ወደድኩት፣ አልወደድኩትም፣ ረዘመብኝ፣ ይደብራል። በዚያ ላይ ይህቺ ዞናችን ባለፉት ዓመታት ያላየችው የለም። ልቅሶ ያልገባበትን ቤት መፈለግ ይቀላል። እንደዚህ ባለ ጊዜ ያዘነ ዜማ ሁሉ «ሟርት ነው፣ ዝጉት» ሲባል እኔ ያመኛል። እትዬ ዜማው ሐዘን አላመጣባትም። እዚያው ቤት ውስጥ የነበረውን ነው መቀመጫ የሰጠችው።

ግን አንድ ሰው ደግሞ አለ፤ እሷን ሳላነሳ ብጨርስ የጻፍኩት ሁሉ ግማሽ ይሆናል።

ከኔ ቀጥሎ ያለውን ክፍል የተከራየችው ሴት ከአጣዬ የመጣች ናት። ከተማዋ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ልጆቿን ይዛ ወጣች፣ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። አንድ እሑድ ቡና አፍልታ ጠራችኝ። ስፒከሩን ይዤ ሄድኩ። ስለ እማሆይ ትንሽ ነገርኳትና ከፈትኩት። የመጀመሪያውን እስኪያልቅ ሰማች። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ሲጀምር ሲኒ እየቀዳች ነበር። እጇ ሳይንቀጠቀጥ ጀበናውን ማቶቱ ላይ መለሰች፣ ከዚያ ቀና ብላ ዓይኔን አየችና፣ «ወንድሜ፣ ዝጋልኝ» አለችኝ።

ወዲያው ዘጋሁት። ይቅርታም ጠየቅኳት። «የለም፣ ጥሩ ነው» አለች። ቡናውን ጠጣን፣ ስለ ልጆቿ ትምህርት አወራን።

ካፌ ውስጥ ያለው ልጅና እሷ ያሉት አንድ ነገር ይመስላል። አይደለም። እሱ «ቀይረው» ያለው ሳይሰማ ነው። እሷ «ዝጋልኝ» ያለችው ሰምታ ነው፤ ከሁላችንም በላይ ሰምታ። የተማረውንም፣ እኔንም፣ ምናልባት እትዬንም ጨምሮ። አልበሙን አስጨርሼ ባሰማት ኖሮ ጭካኔ ይሆን ነበር። ያዘነ ዜማ ለሁሉም ሰው፣ በሁሉም ሰዓት መድኃኒት ነው ብዬ አልሟገትም። ቁስሉ ገና ያልሻረ ሰው እስኪችል ድረስ መዝጋት ይችላል፤ መብቱ ነው። የሚዘጋውን ግን ያውቀዋል። እኔ የምለምነው ሌሎቻችንን ነው፤ ቢያንስ አንዱን እስኪያልቅ እንስማ። ስልኩን አስቀምጠን፣ «እህ» እያልን።

እስከ ዛሬ መልሳ ክፈትልኝ አላለችኝም። እኔም ግድግዳችን ስስ ስለሆነ ማታ ማታ በኢርፎን ነው የማዳምጠው።