እርማት፦ የቡና አበባ የጽድቅ መለኪያ አይደለም

«ጅማ ላይ ዝናቡ በጣለ ማግስት የአንዱ ቡና ነጭ ሆኖ አበበ፣ የጎረቤቱ ግን ዝም አለ፤ እግዚአብሔር ማንን እንደወደደ የሚያሳይ ምልክት ነው» ለተባለው፦ አይደለም።

የቡና እንቡጥ በበጋው ድርቀት ተኝቶ ይቆያል። በቂ ዝናብ ሲያገኝ ይነቃል፤ የሚፈነዳው ግን ከ8 እስከ 12 ቀን ገደማ ቆይቶ ነው። «በማግስቱ» የመሰለው የፊተኛው ዝናብ ስለተረሳ ነው። ካፊያ ብቻ የደረሰው ማሳ ግማሹ ያብባል፣ ግማሹ ይቀራል። በጅማዎቹ ወረዳዎች በማናም በጎማም ዝናብ አንዱን ኮረብታ መትቶ ሌላውን ይዘላል። አምና ፍሬ የበዛበት ዛፍም ዘንድሮ አበባው ይሳሳል። ታዲያ ኃጢአት ፍለጋ ጎረቤት ቤት ምን ያስገባል? ማቴዎስ 5፥45 እንደሆነ ዝናቡ ለጻድቁም ለኃጢአተኛውም ነው ይላል።

ምክንያቱ ታወቀ ማለት ግን እግዚአብሔር የለበትም ማለት አይደለም። መዝሙር 103 (በሌላው አቆጣጠር 104) የሚያመሰግነው ስለ ምንጩ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ እህሉ ነው፤ ሁሉም በየዕለቱ የሚታይ ነገር። አበባው ከ2 እስከ 3 ቀን ብቻ ስለሚቆይ፣ ማመስገን የፈለገ ማልዶ፣ መዓዛው ሳይበተን ማሳው ውስጥ ይገኝ።