ስለኛ ሲሉ ያያሉ

ማክሰኞ ጠዋት በሕንፃችን የቴሌግራም ግሩፕ አንዲት እናት «ጎረቤቶች፣ ማታ ውኃ መጥቶ ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ግሩፑ የተከፈተውም ለዚሁ ነው፤ ለውኃ፣ ለዘበኛ ደመወዝ፣ ለደረጃ መብራት። መልስ ወዲያው መጣ። አንዲት ልጅ የምትጨፍርበት የዘፈን ክሊፕ ነው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ወገን፣ ባህላችን አለቀለት!!! ይህን ጉድ ሳያዩ እንዳያልፉ። ልጆች ባሉበት አይከፈት። ለሌሎችም ያድርሱ።»

ከዚያ በኋላ ውኃን ያነሣ ሰው የለም።

እኔ ግን እንዲህ ላሉ ሰዎች ምስጋና ሲያንሳቸው ነው ባይ ነኝ። እናንተም ግሩፕ ውስጥ አንድ አይጠፋም። የኛው አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፤ ጋሼ እንበላቸው። ልፋታቸውን ቀርቦ ላየ አንጀት ይበላሉ። ይህችን ክሊፕ ሌላው ሰው አንዴ አይቶ ያልፋታል። እሳቸው ሰኞ ሌሊት ሰባት ጊዜ አይተዋታል፤ ከራሳቸው አፍ ነው የሰማሁት። የመጀመሪያውን ለአጠቃላይ ግንዛቤ። ሁለተኛውን ለልብሱ። ሦስተኛውን ድምፁን አጥፍተው፣ ዜማው እንዳያዘናጋቸው። አራተኛውን ፍጥነቱን ቀንሰው፤ ወገቧ የሚዞረው ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ የሚለው አልለይ ብሏቸው። አምስተኛውን በቴሌቪዥን፣ በስልክ ጉዱ አልጎላ ስላላቸው። ስድስተኛውን ባለቤታቸው ከመኝታ ቤት ብቅ ሲሉ ስለተቋረጠ እንደገና ከመጀመሪያው። ሰባተኛውን ለማመሳከር። ከዚያ 1 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ላይ አቁመው፣ ስክሪንሾት አንሥተው፣ ጉልበቷን በቀይ ከበው ላኩልን። ክቡ ባይኖር ጉልበት መሆኑን በምን እናውቅ ነበር? ይህ ሁሉ በራሳቸው ፓኬጅ ነው።

አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 1995 የተቋቋመ የወላጆች የቴሌቪዥን ምክር ቤት የሚባል ማኅበር ነበር። የማታ ፕሮግራሞችን እያዩ ስድቡንና ልቅ ትዕይንቱን የሚቆጥሩ ሠራተኞች ነበሩት። በደመወዝ! ጋሼ በነፃ ናቸው። ያውም ሌሊት።

ደግሞ ውለታቸው ለኛ ብቻ አይደለም። እስከ ማክሰኞ ድረስ ያንን ዘፈን በሕንፃችን የሚያውቀው አልነበረም። ረቡዕ የሁለተኛ ፎቅ ልጆች ደረጃው ላይ እየዘፈኑት ሲወርዱ አገኘኋቸው። ፕሮዲዩሰሩ ምሳ እንኳ አለመጋበዙ ይገርመኛል።

«ለመሆኑ ባህላችን የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ወገብ ማዞር የኛ አይደለም» አሉኝ። የወላይታ ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን? በእሳቸው ካርታ ላይ ባህላችን ከትከሻ ወደ ታች አይወርድም። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ክራር ተሰቅሏል፤ ድሮ ሰዎች የሰይጣን መሣሪያ ይሉት የነበረው ያው ክራር። የቀረበልን ወጥ ደግሞ ቀይ ነው፤ ዘሩ ከአሜሪካ ምድር የመጣው በርበሬ ገብቶበታል። ይህንን ግን አልከበቡትም።

ሥራው በእርግጥ አዲስ አይደለም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግቢያቸው ውስጥ የተዘጋጀን የፋሽን ትርኢት ተቃውመው ረብሻ አስነሥተው ነበር። ጭቅጭቁ ስለ ሚኒስከርት ነው። የዚያን ጊዜ ሚኒ ለባሾች ዛሬ አያት ሆነዋል፤ አንዳንዶቹም የጋሼን መልእክት ለልጅ ልጆቻቸው እየላኩ ነው።

እዚህ ድረስ ስቄ ነበር። ከክሊፑ ሥር የተጻፈውን እስካነብ ድረስ። ለአቅመ ሔዋን ገና የደረሰች ልጅ ናት። እናቷን ሰደቧት። መልኳን፣ አስተዳደጓን፣ ሰፈሯን ሰደቡ። «የት እንደምትኖር የሚያውቅ?» ያለም አለ። ይህ ነው ጨዋነት? ጠለፋም እኮ «ባህላችን» ነበር! በድሮው የወንጀል ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር፤ ያ የተሻረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ነው። ከትምህርት ቤት መንገድ እየተጎተቱ ለተወሰዱት ልጆች «ባህላችን አለቀለት» ብሎ ያደረ ዘበኛ የት ነበር? ያኔ ጉልበት አልታየማ።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርን።

ሐሙስ እኚያ እናት ጄሪካን ይዘው ደረጃው ላይ ከጋሼ ጋር ተገናኙ። ስለ ውኃው እንደገና ጠየቁ። ጋሼም አልደበቁም። ሰኞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ እንደነበር፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ እንደሄደ ነገሯቸው። በደንብ ሰምተውታል፤ ሦስተኛው ላይ ነበሩ፣ ድምፁን አጥፍተው።

«ታዲያ ምነው አንድ ቃል ቢጽፉልን?»

«ሥራ ላይ ነበርኩ» አሉ ጋሼ።